እንቁላሉ ተንሳፈፈ፣ ሌጦው ግን ሸተተ

ጥያቄ፣ ከመሐል ሜዳ (መንዝ)፦ «ለፋሲካ 90 የበግ ሌጦ ሰበሰብኩ። ድሮ ደረቅ ጨው ነበር የምነሰንሰው። ዘንድሮ ጨው ለመቆጠብ ብዬ ባለ 200 ሊትር በርሜል ውስጥ 100 ሊትር ውሃ በ36 ኪሎ ጨው በጠበጥኩ። እንቁላል ብጥልበት ተንሳፈፈ፤ በቂ ነው አልኩ። ሌጦውን 30 30 እያደረግኩ በሦስት ዙር፣ እያንዳንዱን ዙር 24 ሰዓት ዘፈዘፍኩት። የመጀመሪያው ዙር ደህና ይመስላል። ሁለተኛው ሽታ አለው። የሦስተኛው ሆዱ አካባቢ ጸጉሩ በእጅ እየተነቀለ ነው። አንድ ጎረቤቴ መምህር ‹ጨው የሚገባው ውስጥና ውጭ እኩል እስኪሆን ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ጊዜ ብታራዝምም ጨው ብትጨምርም ለውጥ የለውም› አለኝ። ታዲያ ምኑ ላይ ነው የተሳሳትኩት? ጊዜውን ላራዝም ወይስ ውሃውን ላሙቅ?»

ምላሽ፦ በርሜሉን ይተዉትና ወደ ደረቅ ጨው ይመለሱ። ጊዜ ማራዘም አያድንዎትም፤ ውሃ ማሞቅ ደግሞ ነገሩን ያባብሰዋል። መምህሩ የጠቀሱት ሕግ ልክ ነው፤ ከሕጉ ያወጡት ምክር ግን ግማሹ ስህተት ነው። ጨው ውስጥና ውጭ እኩል ሲሆን ሚዛን ላይ ይደርሳል፣ እውነት ነው። ግን እኩል የሚሆነው ስንት ላይ ነው? ሌጦውን የሚያድነውም የሚያበላሸውም ይህ ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን የሚወስነው ደግሞ በርሜሉ ውስጥ በጠቅላላ ያለው ጨውና በጠቅላላ ያለው ውሃ ነው።

መጀመሪያ በመለኪያው እንስማማ። እዚህ ላይ «የጨው ክምችት» ስል በ100 ግራም ውሃ ውስጥ ስንት ግራም ጨው እንደሟሟ ማለቴ ነው። ተራ የወጥ ጨው በ100 ግራም ውሃ ውስጥ 36 ግራም ያህል ሲሟሟ ውሃው ይጠግባል፤ ከዚያ በላይ ቢጨምሩ ከታች ይዘቅጣል። ይህንኑ የጠገበ ብጥብጥ አንዳንዱ ሰው «26 በመቶ» ይለዋል፤ 136 ግራም ከሚመዝነው ብጥብጥ 36 ግራሙ ጨው ስለሆነ ነው። ሁለቱ አባባሎች አንድ ናቸው። «26 በመቶ» የሚለውን ሰምተው 100 ሊትር ውሃ ላይ 26 ኪሎ ጨው ጨምረው የተበላሸባቸው ሰዎች ስላሉ ነው ይህን ማንሳቴ። እርስዎ ግን 36 ኪሎ አድርገዋል፤ ስለዚህ ሌጦ ሳይገባበት በፊት በርሜልዎ በትክክል የጠገበ ነበር።

ስህተቱ የጀመረው ሌጦው ሲገባ ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለው ውሃ 100 ሊትር ብቻ መስሎዎታል። ትኩስ የበግ ሌጦ ከክብደቱ 65 በመቶ ያህሉ ውሃ ነው። አንዱን ሌጦ 2 ኪሎ ብንለው 1.3 ኪሎው ውሃ ነው፤ 30 ሌጦ ማለት ደግሞ 39 ሊትር ውሃ ማለት ነው። በባልዲ የተቀዳ ስላልሆነ አይታይዎትም እንጂ ጨው ሊካፈል የገባ ውሃ ነው። ጨው ከብጥብጡ ወደ ሌጦው ይገባል፣ ውሃ ከሌጦው ወደ ብጥብጡ ይወጣል፤ ሁለቱ ሲመጣጠኑ የሚቀረው 36 ኪሎ ጨው በ139 ሊትር ውሃ ውስጥ፣ ማለትም በ100 ግራም ውሃ 26 ግራም ነው። የመጀመሪያው ዙር የወጣው በዚህ ክምችት ነው፤ ከጠገበ ውሃ 72 በመቶው ላይ።

ሁለተኛውን ዙር ሲያስገቡ ያው በርሜል አይደለም። የመጀመሪያዎቹ 30 ሌጦዎች በሥጋቸውና በጸጉራቸው 30 ሊትር ያህል ጨዋማ ውሃ ይዘው ወጡ እንበል፤ ከዚያ ጋር 8 ኪሎ የሚጠጋ ጨው ሄዷል። በርሜሉ ውስጥ 28 ኪሎ ጨውና 109 ሊትር ውሃ ቀረ። አዲሶቹ 30 ሌጦዎች ሌላ 39 ሊትር ውሃ ይዘው ሲመጡ ሚዛኑ 19 ግራም ላይ አረፈ። በሦስተኛው ዙር በዚሁ ስሌት ወደ 14 ግራም ወረደ፤ የጠገበ ውሃ ሊይዝ ከሚችለው 40 በመቶው ብቻ ነው። ቁጥሮቹ ግምት ናቸው። የሌጦዎ ክብደትና ጸጉሩ ይዞት የሚወጣው ውሃ ከዚህ ሊለይ ይችላል፤ ቁልቁለቱ ግን አይቀርም። ለሦስቱም ዙር 24 ሰዓት፣ ሳምንትም ቢሰጧቸው ከ26፣ ከ19 እና ከ14 በላይ አይሄዱም፤ ከዚያ በላይ የሚያደርስ ጨው በርሜሉ ውስጥ የለማ።

ይህ ለባክቴሪያ ምን ማለት እንደሆነ ልጨምር። ጨው ባክቴሪያን እንደ መርዝ አይገድልም፤ የሚጠጣውን ውሃ ይይዝበታል። ሕይወት ላለው ነገር የሚተርፈውን ውሃ ለመለካት ንጹሕ ውሃን 1 ብለን ብንነሳ፣ በጨው የጠገበ ውሃ 0.75 ነው። ሥጋና ቆዳ የሚያበሰብሱት አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች 0.91 አካባቢ ሲደርሱ ይቆማሉ፤ ጨው የሚችሉት እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉት ግን እስከ 0.86 ድረስ ይራባሉ። የእርስዎ የመጀመሪያ ዙር 0.84 አካባቢ ነው፤ አምልጧል፣ በጠባብ ልዩነት። ሁለተኛው 0.88 ነው፣ ጨው የሚችሉት ይሠሩበታል፤ ሽታው ከዚያ ነው። ሦስተኛው 0.91 እና ከዚያ ከፍ ያለ ስለሆነ በሩ ለሁሉም ተከፍቷል። ሆዱ አካባቢ መጀመሩም አይገርምም፤ ሆድና ብብት ስስና ልል ናቸው፣ ሲገፈፍም አንጀት ውስጥ ያለው ቆሻሻ የሚነካው እዚያ ነው።

በጥያቄዎ ውስጥ ያላነሱት፣ ለእኔ ግን ከክምችቱ የማያንስ ሌላ ጥፋት አለ። አንዱ ዙር 24 ሰዓት ከፈጀ ሦስተኛው ዙር ጨው ሳይነካው ሁለት ቀን ቆይቷል። ከበጉ ላይ የወረደ ሌጦ 39 ዲግሪ ሙቀት ይዞ ነው የሚወርደው፤ ተደራርቦ ከተከመረ መሐል ሜዳ ላይም ቢሆን መሃሉ ቶሎ አይበርድም። ከወረደ በ4 ሰዓት ውስጥ ጨው ሊነካው ይገባል። ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርደው ሸዋ ሮቢትና አካባቢው ላይ ለሚሰበስቡ ደግሞ 2 ሰዓትም ብዙ ነው። ሽታ የጀመረውን ሌጦ ጨው ባለበት ያቆመዋል እንጂ ወደ ኋላ አይመልሰውም።

አሁን ወደ «እኩል መሆን»። ብዙ ሰው ሚዛን ሲባል እንቅስቃሴ የቆመ ይመስለዋል። አልቆመም። የጨው ቅንጣቶች ያለ አቅጣጫ ይንቀሳቀሳሉ፤ ብዙ ካለበት ወደ ጥቂት የሚሄዱት ማንም ስቧቸው ሳይሆን ብዙ ካለበት በኩል የሚነሱት ስለሚበዙ ብቻ ነው። ወደ ሌጦው የሚገባውና ከሌጦው የሚወጣው ሲተካከል ሚዛን እንላለን። በዚያ ሰዓት ብጥብጡ ላይ ጨው ቢጨምሩ ውጭው ከውስጡ ይበልጣል፣ የሚገባው እንደገና ከሚወጣው ይበዛል፣ ሚዛኑ ከፍ ባለ ቦታ ይቆማል። ስለዚህ «ጊዜ ማራዘም ለውጥ የለውም» የሚለው ልክ ሲሆን «ጨው መጨመር ለውጥ የለውም» የሚለው ግን ልክ አይደለም። ንጹሕ ውሃ ቢጨምሩ ደግሞ ጨው ከሌጦው ተመልሶ ይወጣል፤ ፋብሪካ ውስጥ ሌጦ ዘፍዝፈው ጨው የሚያወጡለት በዚሁ ሕግ ነው።

ይህ መሰራጨት፣ በተለምዶ ዲፊውዥን የሚባለው፣ ጊዜው እንደ ርቀቱ ሳይሆን እንደ ርቀቱ ካሬ ነው የሚጨምረው። ርቀቱ እጥፍ ሲሆን ጊዜው አራት እጥፍ፣ አሥር እጥፍ ሲሆን መቶ እጥፍ ይሆናል። ጨው በጸጥተኛ ውሃ ውስጥ 1 ሚሊሜትር ለመሄድ 11 ደቂቃ ያህል ይበቃዋል። 1 ሴንቲሜትር 18 ሰዓት ይፈጅበታል። 10 ሴንቲሜትር ሁለት ወር ተኩል። ግማሽ ሜትር ደግሞ 5 ዓመት። ያልተማሰለ ቡና ላይ ላዩ መራራ፣ ከታች ስኳር ሆኖ የሚያልቀው ለዚህ ነው። ሕጉን በሒሳብ የጻፈው ጀርመናዊው ሳይንቲስት አዶልፍ ፊክ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1855። የሞከረውም በራሱ በወጥ ጨው ነበር፦ ከቱቦው ግርጌ ያልሟሟ ጨው አስቀምጦ ታችኛው ጫፍ ሁልጊዜ የጠገበ ሆኖ እንዲቆይ በማድረግ። ያልሟሟ ጨው እያለ ክምችቱ አይወርድም፤ ይህን ነገር ይያዙልኝ፣ ደረቅ ጨው ላይ ስንደርስ እንመለስበታለን።

በሌጦ ውስጥ ጨው ከንጹሕ ውሃ ይልቅ ቀስ ይላል፤ በቃጫው መካከል እየዞረ ነው የሚያልፈው። ያም ሆኖ 2.5 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ንጹሕ ሌጦ ለማቋረጥ 3 እስከ 4 ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል። ስለዚህ 24 ሰዓትዎ ከበቂም በላይ ነበር፣ ጨው ሌጦውን በሚያገኝበት ቦታ። የማያገኝበት ቦታ አለ። ሥጋ ወይም ጮማ የተጣበቀበት፣ ሌጦው የታጠፈበት፣ ሁለት ሌጦ ገጥሞ የተጣበቀበት፣ አንገቱ ላይ ወፈር ያለበት። የ5 ሚሊሜትር ሥጋ ሽፋን መንገዱን ሦስት እጥፍ ያደርገዋል፤ ጊዜውን ዘጠኝ እጥፍ። ጮማ ከሆነ ጭራሽ አያሳልፍም፣ ጨው በስብ ውስጥ አይሟሟምና። በላቱ አካባቢ የሚቀረው ጮማ በቢላ ጀርባ ካልተፋቀ ጨው ላዩ ላይ ቁጭ ብሎ ከሥር ይበሰብሳል። 60 ኪሎ ሌጦ በአንድ በርሜል መታጨቁም ጎድቷል። ብጥብጥ ቢያንስ የሌጦውን 4 እጥፍ መመዘን አለበት፤ የእርስዎ ከሁለት እጥፍ ትንሽ ነው የሚያልፈው።

እንቁላሉን በተመለከተ፦ የሚንሳፈፈው ብጥብጡ ከእሱ ሲከብድ ነው፣ ሌላ ምንም አይነግርዎትም። ትኩስ እንቁላል በ100 ግራም ውሃ ከ12 እስከ 13 ግራም ጨው ሲኖር ይነሳል፤ የቆየ እንቁላል ከዚያም ባነሰ። ማለትም ሦስተኛው ዙር ጸጉሩን በለቀቀበት ብጥብጥ ላይም እንቁላሉ ይንሳፈፍልዎት ነበር። ድንችም ቢሆን ያው ነው። ትክክለኛው መለኪያ ሚዛን ነው። አንድ ሊትር የሚይዝ ጠርሙስ ባዶውን መዝኑ፣ ከዚያ ብጥብጡን እስከ ምልክቱ ሞልታችሁ መዝኑ። የጠገበ ብጥብጥ አንድ ሊትሩ 1,200 ግራም ይመዝናል። የእርስዎ ከመጀመሪያው ዙር በኋላ 1,155፣ ከሁለተኛው በኋላ 1,115፣ ከሦስተኛው በኋላ 1,090 አካባቢ ይሆን ነበር። ናሙናውን ከላይ ብቻ አይውሰዱ። ካልተማሰለ የከበደው ውሃ ከታች፣ የቀለለው ከላይ ይተኛል፤ ግማሽ ሜትር በራሱ ተሰራጭቶ እስኪስተካከል ደግሞ ስንት እንደሚፈጅ ከላይ አይተናል።

ውሃ ማሞቅ ለምን እንደማይረዳ። ስኳር ቢሆን ልክ ነበሩ፤ በሙቅ ውሃ በጣም ብዙ ይሟሟል። የወጥ ጨው ግን ለሙቀት ደንታ የለውም። በ0 ዲግሪ 35.7 ግራም፣ በሚፈላ ውሃ 39 ግራም፤ ያለው ልዩነት ይኸው ነው። ሙቀት ጨው ቶሎ እንዲሟሟ ያደርጋል፣ ብዙ እንዲሟሟ አያደርግም። የመሰራጨት ፍጥነትም ከ10 ዲግሪ ወደ 25 ቢያደርሱት ግማሽ ያህል ነው የሚጨምረው፤ ባክቴሪያ ግን በዚያው ልዩነት ብዙ እጥፍ ይፈጥናል። በዚህ ሩጫ የመንዝ ብርድ ለእርስዎ ነው የሚያደላው፤ ጨውን በጥቂቱ ያዘገያል፣ ብስባሴን በብዙ። 60 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ደግሞ ትኩስ ቆዳ ይኮማተራል፣ ከዚያ በኋላ አይመለስም።

ወደ ደረቅ ጨው እንምጣ። ባለ 2 ኪሎ ሌጦ ውስጥ ያለውን 1.3 ኪሎ ውሃ ለማጥገብ የሚያስፈልገው ጨው 470 ግራም ያህል ነው። የነጋዴው ልማድ ግን የሌጦውን ክብደት 40 በመቶ፣ 800 ግራም ነው። ትርፉ አይባክንም። ጥቂቱ ከሚንጠባጠበው ውሃ ጋር ይሄዳል፣ ጥቂቱ ይራገፋል፣ የቀረው ሳይሟሟ ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ የፊክ ቱቦ ግርጌ ያለው ጨው ማለት ይህ ነው። ያልሟሟ ጨው ሌጦው ላይ እስካለ ድረስ ከሌጦው የሚወጣው ውሃ እዚያው ይጠግባል፣ ክምችቱ ከ36 አይወርድም። በርሜል ውስጥ እየተካፈለ የሚወርደው ሚዛን እዚህ ላይ ከላይኛው ጫፍ ተቸንክሮ ይቀራል። የደረቅ ጨው ብልጫ በሙሉ እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ። ሌጦው እንደወረደ ደሙንና ፈርሱን በቀዝቃዛ ውሃ በፍጥነት አጥበው፣ የሥጋ ወገኑን ወደ ውጭ አድርገው ጥላ ሥር ግማሽ ሰዓት ሰቅለው ያብርዱት፤ ውሃውም ይንጠፍጠፍ፣ የሚንጠባጠብ ውሃ ያለ ዋጋ ጨው ይበላልና። የተጣበቀውን ሥጋና ጮማ ይፋቁ። ከመሬት ከፍ ያለና ወደ አንድ ጎን ያዘቀዘቀ ርብራብ ላይ የሥጋ ወገኑን ወደ ላይ አድርገው ያለ እጥፋት ይዘርጉት። ጨው የሚነሰነሰው ከመሃል ወደ ዳር ነው፣ የሥጋ ወገኑ ላይ፤ አንገቱ፣ ጠርዙና እግሮቹ ግን በእጅ መታሸት አለባቸው። ጸጉር ላይ የተበተነ ጨው ጸጉሩ ውስጥ ይቀራል እንጂ ወደ ቆዳው ብዙም አይደርስም። ቀጣዩን ሌጦ በላዩ እንዲሁ እያደረጉ ይደርድሩ፤ ከአንድ ሜትር በላይ አይከምሩ። የሚወጣው ውሃ ይውረድ፣ ከሥሩ አይቋጠር። ውሃው ካልሄደ ሌጦው ብጥብጥ ውስጥ እንደተኛ ነው፤ ወደ በርሜሉ ተመልሰናል ማለት ነው።

በሦስተኛው ቀን ከላይ፣ ከመሃልና ከታች አንዳንድ ሌጦ ገልጠው የሥጋውን ወገን ይመልከቱ። የጨው ቅንጣት በዓይን ከታየና በጣት ሲዳሰስ ከሻከረ ጠግቧል። ላዩ እርጥብ ብቻ ሆኖ ቅንጣት ከጠፋ አልጠገበም፤ ጨው ይጨምሩ። ከአንገቱ ጠርዝ ትንሽ ቆርጠው ቁራጩን በብርሃን ቢያዩት፣ የደረሰ ሌጦ ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ነጣ ያለ መልክ አለው፤ መሃሉ ላይ ብርማ ሙጫ የመሰለ መስመር ከታየ ጨው አልደረሰበትም። ቢያንስ 7 ቀን ክምር ላይ ይቆይ።

«ጨው ለመቆጠብ ነበር» ብለዋል። ለ90 ሌጦ ደረቅ ጨው 72 ኪሎ ይፈጃል፤ ከ36 ኪሎ እጥፍ ነው። ግን 36 ኪሎው አልበቃም። በርሜሉን በሦስቱም ዙር የጠገበ አድርጎ ለማቆየት በየዙሩ ሌላ 14 ኪሎ መጨመር ነበረብዎት፣ አዲስ የገባውን 39 ሊትር ውሃ ለማጥገብ። ጠቅላላው 78 ኪሎ ነው። ከዚህ 46 ኪሎ ያህሉ መጨረሻ ላይ በርሜሉ ውስጥ ይቀራል፤ ግን በደም፣ በፈርስና በሟሟ ፕሮቲን የቆሸሸ ብጥብጥ ውስጥ። የሚያተርፈው በየቀኑ ሌጦ ለሚገባለት፣ ማማሰያና ማጣሪያ ላለው ሰው ነው። በዓል ሲደርስ አንዴ ለሚሰበስብ አያዋጣም። ግድ በብጥብጥ እሠራለሁ ካሉ ብቸኛው መንገድ ከግርጌው ያልሟሟ ጨው እንዳይጠፋ ማድረግ፣ በየሰዓቱ ከሥር ወደ ላይ ማማሰልና አንድ ሊትሩ ከ1,180 ግራም በታች ሲወርድ ጨው መጨመር ነው። ያም ሆኖ ሌጦው ሲወጣ ደረቅ ጨው ይነስነስበት።

ስለ ጨው ዓይነት ረጅም ነገር የለኝም። ከአፋሩ የአፍዴራ ሐይቅ የሚመጣው ያልተፈጨ ጨው ይሆናል፤ አዮዲን መኖር አለመኖሩ ለዚህ ሥራ ለውጥ የለውም፣ መጠኑ ኢምንት ነው። ቅንጣቱ ከ1 እስከ 3 ሚሊሜትር ይሁን። የላመው ይረጋና ቅርፊት ይሠራል፤ ትልልቁ በመካከሉ ባዶ ቦታ ይተዋል። አንድ ጊዜ የተነሰነሰ ጨው አራግፈው ለሌላ ሌጦ አይጠቀሙበት። የሐይቅ ጨው ውስጥ በጠገበ ብጥብጥ ላይ እንኳ የሚኖሩ፣ ሌጦው ላይ ቀይ ወይም ሐምራዊ ነጠብጣብ የሚያወጡ ፍጥረታት አሉ፤ ያገለገለ ጨው እነሱን ከክምር ወደ ክምር ያዞራል።

ክረምት ላይ አንድ ነገር ይጠንቀቁ። የጠገበ ብጥብጥ 0.75 ነው ብለናል፤ ይህ ቁጥር ከአየሩ እርጥበት ጋርም ይመዘናል። የአየሩ እርጥበት ከ75 በመቶ ሲያልፍ ሚዛኑ ይገለበጥና ጨው ከአየር ውሃ መጠጣት ይጀምራል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጉም መንዝን ሲያለብሳት መጋዘን ውስጥ ያለ ደረቅ የነበረ ሌጦ «የሚያለቅሰው» በዚህ ምክንያት ነው፤ ጣሪያው አፍስሶ አይደለም። ማግኒዚየም የበዛበት ያልጠራ ጨው ከሆነ ከዚያም ባነሰ እርጥበት ያለቅሳል። ለክረምት የሚያሳድሩት ሌጦ ካለ በጥብቅ ሸራ ይሸፍኑት፣ በየሁለት ሳምንቱ ገልጠው ቅንጣት መኖሩን ይዩ፤ ከሁሉም የሚሻለው ግን ሐምሌ ሳይገባ መሸጥ ነው።

በጋ ላይ፣ ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ጨው ጭራሽ ሳይነኩ በጥላ ወጥሮ ማድረቅም ይቻላል። አየሩ ደረቅ ነው፣ ነፋስ አለ። ፀሐይ ላይ ግን አይሁን። ፀሐይ ላዩን የምታደርቀው ውሃ ከውስጥ ተሰራጭቶ ከሚደርስበት ፍጥነት በላይ ስለሆነ ላዩ እንደ ቀንድ ይዘጋል፣ ውስጡ እርጥብ እንደሆነ ይበሰብሳል። ፋብሪካ ገብቶ ሲዘፈዘፍ ነው የሚጋለጠው፤ ያኔ ዋጋው ተከፍሎ ካልሆነ ጥፋቱ ወደ እርስዎ ይመለሳል።

እጅዎ ላይ ስላሉት 90 ሌጦዎች፦ ሦስቱን ዙሮች አይቀላቅሉ። የመጀመሪያው ዙር ደህና ቢመስልም አልጠገበም፤ አንጠፍጥፈው ለእያንዳንዱ 300 ግራም ደረቅ ጨው ዛሬውኑ ይነስንሱበት። ለሁለተኛው ዙር 400፣ ለሦስተኛው 500 ግራም። ከሦስተኛው ዙር ጸጉሩ በትንሽ ቦታ ብቻ የሚነቀለውን ለብቻ ይለዩ። ለአጎዛ አይሆንም። ፋብሪካ ግን ጸጉሩን የሚያወልቀው ስለሆነ የፊቱ (የጸጉሩ) ወገን ካልተበላ በዝቅተኛ ደረጃ ይገዛል፤ ጉዳቱን ሳይደብቁ ያሳዩ። ጸጉሩ በተነቀለበት ላይ ጣትዎን ሲያሹት ከለሰለሰ ወይም ከተላጠ ግን ጨው አያባክኑበት፣ ይቅበሩት። በርሜሉ ውስጥ የቀረው ብጥብጥ ከ17 ኪሎ በላይ ጨው ይዟል። ገብስ ማሳ ወይም ወንዝ ላይ እንዳይደፉት፤ ሥር ከአፈር ውሃ የሚስበው በዚሁ በክምችት ልዩነት ስለሆነ ጨዋማ አፈር ላይ ሰብሉ ውሃ መሃል ቆሞ ይጠማል። በሰፊ ጠፍጣፋ ዕቃ ፀሐይ ላይ አትንነው ደለሉን ከጓሮና ከከብት ርቆ ይቅበሩት።